በጀሶ የተሻገርኩት ወንዝ

አክስቴ ለአባቴ ያስጻፉት ደብዳቤ ሐዋሳ የደረሰው አባቴ ከተቀበረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። «ወንድሜ ጥሩነህ፣ ታምሜአለሁ። ዓይኔ ሳይከደን ላይህ እፈልጋለሁ፤ የምነግርህ አለኝ። እህትህ የሺመቤት» ይላል። የጻፈው ልጃቸው ደሳለኝ ነው። አድራሻው ሞጣ ከተማ የሚገኝ አቶ ሰዒድ የተባሉ ነጋዴ ሱቅ ሲሆን የሱቁ ስልክ ቁጥር ከግርጌ ሰፍሯል።

እኛ ቤት ስለ ሞጣ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። አባቴ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከአገሩ ወጣ፣ ሐዋሳ ገባ፣ እናቴን አገባ፣ አራት ልጆች ወለደ፣ አገሩን ዳግም ሳያይ ሞተ። ለምን እንደማይሄድ ስንጠይቀው «መንገዱ ሩቅ ነው» ይለናል። ሌላ አባት ልጁን ፊደል ሲያስቆጥር የእኛው ሐይቁ ዳር ይዞን ወርዶ ውሃ ውስጥ ይጥለን ነበር። አልቅሰን እስክንማር አይለቀንም። እሱ ራሱ ዋና የተማረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ እንደሆነ እናቴ ትናገራለች። እኔ በዚያው ቀረሁ፤ የስፖርት አስተማሪ ሆንኩ፣ ክረምት ክረምት የከተማውን ልጆች ዋና አስተምራለሁ።

እናቴ ደብዳቤውን ካነበብኩላት በኋላ ብዙ አላሰበችም። «መርዶ በፖስታ አይላክም። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ሄደሽ በአካል ንገሪያት» አለችኝ። ወደ ሱቁ ደወልኩ። አቶ ሰዒድ አነሱት። የጥሩነህ ልጅ ሰብለ መሆኔንና መምጣቴን ብቻ ነገርኳቸው። «ደሳለኝ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ እንዲጠብቅሽ እልክበታለሁ» አሉኝ። ስለ አባቴ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ማክሰኞ አዲስ አበባ አድሬ ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቢቸና በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ቆርቆሮና አንድ የሕፃን አልጋ ተጭኗል። ዓባይ በረሃ ስንደርስ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶት ስለነበር ወንዙን ያየሁት ድልድዩ ላይ ስንወጣ ነው፤ ቡናማ ነው፣ ይጮሃል። እኛ አገር ውሃ ሜዳ ላይ ተኝቶ ነው ሰውን የሚጠብቀው። እዚህ ግን ውሃ ለማየት ግማሽ ቀን ቁልቁል መውረድ፣ ከዚያ ለመራቅ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ቀን ሽቅብ መውጣት አለ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ደጀን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ምግብ ያዘዘ ሰው የለም፤ ሾፌሩ እንኳ ወርዶ እግሩን አፍታታና ተመለሰ። ሐዋሳ በጾም ቀን ዓሣ መብላት ብዙም አያስገርምም። እዚህ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ የጠጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጠርሙሱን አይተው «ነፍሰ ጡር ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያውስ ታመሽ ይሆናል» አሉና ራሳቸው ምክንያት ሰጡልኝ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ቢቸና እንደ በሽተኛ ተንከባከቡኝ።

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ በነሐሴ ደግሞ ጠጠሩም አይታይም። ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገባን። ሁለተኛው ላይ ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ እኔም ወርጄ ገፋሁ። በዚያ ጉዞ በሁለት እጄ የሠራሁት የመጨረሻ ሥራ እሱ ነው። ቢቸና የገባነው ሊመሽ ሲል ነበር። አልጋ የያዝኩበት ሆቴል ግቢው ረግረግ ሆኖ በቦዩ ላይ ሳንቃ ተጋድሞበታል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሳንቃው ላይ ስረግጥ አዳለጠኝ። የወደቅኩት በግራ ክንዴ ላይ ነው። ድምፁን ሰማሁት፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነበር።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉ ከጓዳ እየሮጡ ወጥተው ጭቃው ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ዋይ! የሰው አገር ሰው! ያን ሳንቃ አንሱት ብዬ ነበር!» ክንዴን በነጠላቸው አስረው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። «ወጌሻ ልጥራልሽ። በደቂቃ ይመልሰዋል» አሉኝ። ነገ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ ስል ቅር አላቸው፤ ያም ሆኖ ጫማዬን አውልቀው፣ እግሬን አጥበው፣ በእጃቸው አጉርሰው አስተኙኝ። የማላውቃት ሴት እግር ለማጠብ እኔ ጎንበስ እል ነበር ወይ እያልኩ ተኛሁ።

ሐሙስ

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያየኝ ጤና መኮንን ወጣት ነው፤ እጁ ለስላሳ፣ ንግግሩ አጭር። ክንዴን ዳሰሰው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቀሰ። «ተሰብሯል፤ ግን የተዛነፈ አይመስለኝም። እዚህ ራጅ የለንም። ማርቆስ ሄደሽ ብትነሺ ጥሩ ነው» አለኝ።

«መጀመሪያ ሞጣ መድረስ አለብኝ። የታመመ ሰው ይጠብቀኛል።»

ጀሶውን በውሃ እየነከረ ከመዳፌ እስከ ክርኔ በላይ ጠቀለለልኝ። መጀመሪያ ሞቀኝ፣ ከዚያ ከበደኝ። «ስድስት ሳምንት። እስከዚያ ውሃ እንዳይነካው» አለኝ። የዋና አስተማሪ መሆኔን ስነግረው ሳቀ። «እዚህ አገር የት ትዋኛለሽ? ለዚህስ ጥሩ ቦታ ነው የተሰበርሽው።»

ያን ቀን ጀሶው እስኪደርቅ ወይዘሮ ሙሉ ዘንድ ዋልኩ። ጸጉሬን ያበጠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ጎረቤቶቻቸው እየመጡ ጀሶውን በጣታቸው እያንኳኩ አዘኑልኝ። አንዷ «ለማን ብለሽ ነው በዚህ ክረምት የመጣሽው?» ብትለኝ «ለአክስቴ» አልኳት። «ስንት ጊዜ አይተሻቸዋል?» «አንድም ጊዜ።» እኔም ያን ጊዜ ነው ነገሩን ከራሴ ጋር የተነጋገርኩበት። ሰው ለማያውቀው ዘመዱ የሞት ወሬ ይዞ ሲሄድ፣ ከዚያ በፊት ምን ይዞለት ሄዶ ያውቃል?

ዓርብ

ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከዚያ ጉንደ ወይን፣ ከዚያ ሞጣ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ የቆሎ ተማሪ ጀሶዬን አይቶ «እጅሽ ነጭ ለብሷል፤ ምን በዓል አለው?» ብሎኝ አለፈ። ነገሩ ሁለት ፍቺ ያለው መሰለኝ። እዚህ አገር ሰው አንድ ነገር ሲናገር ከጀርባው ሌላ ነገር ያስቀምጣል፤ ቅኔ ቤቱ በየገበያው ተርፎ ፈሷል። እኛ ዘንድ የተባለው ያው የተባለው ነው።

አቶ ሰዒድ ሱቃቸውን ዘግተው አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። ሆቴል እይዛለሁ ብል ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ አልሰሙኝም። ራት ሲቀርብ ሽሮና ጎመን ነበር። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለእኔ ብለው የጾም ምግብ እንዳይበሉ ፈርቼ «እትዬ፣ እኔ ስለ ጾሙ ያን ያህል አይደለሁም፤ ያለውን ስጡኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ባትሆኚም እናንተ ቤት የሚጾም ይኖራል» አሉኝ። «አይዞሽ፣ ድስቱም የእኔ አይደለም። ሥጋ ያልነካው ድስት ከጎረቤቴ ተውሼ ነው የሠራሁልሽ። እንጀራውም የእሷ ነው።»

ቀርቤ በላሁ። እንጀራውን ቆራርሰው በአንድ እጄ እንዲመቸኝ አድርገው ነበር። እዚህ ቤት የአባቴን ሞት ተናገርኩ። ወይዘሮ ዘሀራ አንገታቸውን ደፉ። አቶ ሰዒድ «የሺመቤት ይህን እንዴት ትችለዋለች?» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ቅዳሜ

ደሳለኝ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ገበሬ ነው። በቅሎ ይዞ መጥቷል። ሳመኝ፣ ጀሶውን አየ፣ እንደገና ሳመኝ። ከከተማ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን «አጎቴስ? መምጣት አቃተው?» አለኝ።

ከበቅሎዋ ወረድኩና ነገርኩት። መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። አይቶት ለማያውቀው ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ ሳይ እኔ እስከዚያ ቀን በቅጡ ያላለቀስኩት እንባ መጣብኝ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ተነሳ። «ለእናቴ አንቺ አትንገሪያት። ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ በወጉ ነው የምናረዳት። ትንፋሿ እንደ ድሮው አይደለም። ቃል ግቢልኝ» አለ። ቃል ገባሁ።

ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን ወንዙ ጋ ደረስን። ሰዎቹ ሌላ ስም አይጠሩለትም፤ «ወንዙ» ብቻ ነው የሚሉት። ሌሊቱን በላይኛው አገር ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሞልቷል። ዳር ላይ ከገበያ የሚመለሱ አሥር የሚያህሉ ሰዎች ጭነታቸውን አውርደው ተቀምጠዋል። አንድ ቄስ አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን እንደ ሰው ፊት ትክ ብለው ያዩታል።

«መቼ ይጎድላል አባባ?» አልኳቸው።

«ሲያልፍ ይጎድላል። የሌላ አገር ዝናብ ነው፤ እዚህ አይቆይም። ተቀመጪ ልጄ።»

ተቀመጥኩ። ሁሉም እንደ ቤታቸው ተረጋግተዋል። እኔ ግን ዋና የሚያውቅ ሰው ዓይን አለኝ፤ ስፋቱ ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው። ሐይቃችን ላይ ተማሪዎቼን ለማሟሟቅ የማዋኛቸው ያህል እንኳ አይደለም። ይህን እያሰብኩ ሳለ በማዶ አንዲት ሴት ከዳገቱ እየሮጠች ወረደች። የደሳለኝ ጎረቤት ናት። እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ደሳለኝ! እናትህ ራሷን ስታ ነበር! ነቅታ ‹ጥሩነህ መጣ ወይ› እያለች ነው! ካልቸኮልክ አትደርስባትም! ድረስ!»

ደሳለኝ ተነስቶ ውሃው ውስጥ ሁለት እርምጃ ገባ። ሦስተኛው ላይ ጭኑ ድረስ ሰጠመ፤ ሁለት ሰዎች በጋቢው ጎትተው አወጡት። ዋና አያውቅም። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች የሚያውቅ አልነበረም። «እናቴ!» እያለ ዳሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«በአንድ እጅ? አባትሽን ቀብረሽ የመጣሽው አንሶ ነው?» አለኝ ተቆጥቶ። ቄሱም «ልጄ፣ ነፍስን መፈታተን ነው» አሉኝ። ሽማግሌው ግን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የምርሽን ታውቂበታለሽ?»

«ሥራዬ ነው አባባ።»

«እንግዲያውስ ከዚህ አትግቢ። ወደ ላይ ውጪ፤ መታጠፊያው ጋ ግቢ። ከውሃው ጋር አትጣዪ፤ ራሱ ወደ ማዶ ይገፋሻል። ከዚያ ሾላ በታች እንዳትወርጂ፣ ከታቹ ድንጋይ ነው።»

ሴቶቹ በነጠላ ከለሉኝ። ቀሚሴን አውልቄ ከሥር በለበስኩት ቱታ ቀረሁ። አንዲቱ የጨው ፌስታሏን ገልብጣ ጀሶው ላይ አጥልቃ ከክርኔ በላይ በሲባጎ አሰረችው። ቄሱ ፊታቸውን አዙረው ይጸልያሉ።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ በእግሬ እየገፋሁ፣ በቀኝ እጄ እየቀዘፍኩ ሄድኩ። ፌስታሉ ውስጥ የቀረው አየር ጀሶውን እንደ ኳስ አንሳፈፈው፤ ሽማግሌው እንዳሉትም ውሃው ወደ ማዶ ይገፋኝ ጀመር። ግማሹን በቀላሉ አለፍኩ፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ከዚያ ውሃው ያመጣው የዛፍ ቅርንጫፍ ፌስታሉን ቀደደው።

በዚያች ቅጽበት የተለወጠውን ነገር በቃል ለማስረዳት ይከብደኛል። አየሩ ወጣ፣ ውሃው ገባ፤ ፌስታሉ ባልዲ ሆነ። ክንዴ ወደ ታች ወረደ፣ ትከሻዬን ይዞ፣ ጭንቅላቴን ይዞ። ተማሪዎቼን «ውሃ አያሰጥምም፣ ድንጋጤ ነው የሚያሰጥመው» እላቸው ነበር። ውሸት ነው። ጀሶም ያሰጥማል። ሁለት ጊዜ ጭቃ ውሃ ዋጥኩ። በጥርሴ ሲባጎውን ፈልጌ ሳብኩት፤ አልተፈታም። የተቀደደውን ጫፍ በቀኝ እጄ ይዤ ስጎትት ፌስታሉ ተተረተረና ሄደ። እስከዚያ ሾላውን አልፌው ነበር። ጉልበቴ ድንጋይ መታ፣ ዳሌዬም መታ፣ ከዚያ የሆነ ነገር አንገቴ አጠገብ መጣ። ዱላ ነበር። የጎረቤቲቱ ባል እስከ ወገቡ ገብቶ የዘረጋልኝ ዱላ።

ዳሩ ላይ በእንብርክኬ ሆኜ ሳስመልስ ከማዶ እልልታ ተሰማ። ጀሶው እንደ ራሰ ዳቦ እየተፈረፈረ ነው።

ከጎረቤቲቱ ጋር ዳገቱን ወጥተን ቤት ስንደርስ አክስቴ መደብ ላይ ተኝተዋል። ትንሽ ናቸው፤ ፊታቸው የአባቴ ፊት ነው። አፍንጫው፣ ከግንባሩ ላይ ያለው መስመር ሳይቀር። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቲቱ ጋቢ አለበሰችኝ።

«ማን ነሽ?» አሉኝ።

«ሰብለ ነኝ። የጥሩነህ ልጅ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ርሰሻል።»

«ወንዙን ተሻግሬ ነው።»

«ማን ይዞሽ?»

«ማንም። ዋኝቼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዋና ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ።»

ለጎረቤቲቱ «እስቲ አንዴ ውጪልኝ» አሏት። ስትወጣ ጠብቀው «ብቻሽን ከመጣሽ እሱ የለም ማለት ነው» አሉኝ። ለደሳለኝ የገባሁለት ቃል ነበር። አልመለስኩም። «ዝምታሽ ይበቃኛል። መቼ?»

«በግንቦት።»

አልጮኹም። ጣታቸው የጋቢያቸውን ጥለት ይዞ ቀረ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ትንፋሽ እየቆረጣቸው ነገሩኝ።

«አንዳርጌ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረን። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ አራት፣ ጥሩነህ አሥራ ስድስት። ማዶ ያለው ማሳ ላይ ለሚያርሙት ምሳ አድርሰን ስንመለስ ወንዙ መሙላት ጀምሮ ነበር። ጥሩነህ ‹መሶቡን አሻግሬ መጥቼ እወስዳችኋለሁ፤ ቆዩ› አለን። አልቆየሁም። እችላለሁ ብዬ ትንሹን በእጁ ይዤ ገባሁ። መሃል ላይ እጁ ከእጄ ወጣ። ለቅቄው ይሁን ውሃው ወስዶብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።» ጥቂት አረፉ። «አባታችን ‹ማን ነው የያዘው?› አለ። እኔ ዝም አልኩ። ጥሩነህ ‹እኔ ነኝ› አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን ከእሱ ጋር አንድ ገበታ አልቀረበም። በዓመቱ ጥሩነህ ሄደ። ልነግረው የፈለግኩት ይህንን ነው። እሱ የለም፤ አንቺ አለሽ። ስለ እሱ ሆነሽ ይቅር በዪኝ።»

እዚህ ላይ ደግ ነገር መናገሬን ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን የታየኝ አባቴ ነው፤ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ በር ላይ ተቀምጦ ወደማናውቀው መንገድ የሚያይ ሰው። ብርድ ያንቀጠቅጠኛል፣ ክንዴ ይጠዘጥዘኛል። «እኔ ስለ እሱ ይቅር ማለት አልችልም» አልኳቸው።

«እውነትሽን ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ከተሻገርኩ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ደሳለኝ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው እንዳሉት ውሃው ጎድሎ ነበር። ሁሉም እግራቸውን ብቻ አርሰው፣ ቀሚሴን እንኳ አጣጥፈው ይዘው ተሻግረዋል። እናቱን በሕይወት ሲያገኝ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ብቆይ ኖሮ እኔም ደርቄ እደርስ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ አክስቴም ያን ነገር በልጃቸው ፊት አያወጡትም። በዋና ያገኘሁት ያንን ሁለት ሰዓት ነው፤ የተጠቀምኩበትም እንደዚያ ነው።

እሑድ እና ሰኞ

መርዶው እሑድ ጠዋት በወጉ ተነገረ። አክስቴ አሁን እንደሰሙ ሆነው አለቀሱ፤ ደሳለኝም አልጠረጠረም። ቤቱ ለቀስተኛ ሞላ። ለአባቴ በሐዋሳ ከነበረው ይልቅ እዚህ የሚያለቅስለት በዛ፤ ስሙን እየጠሩ፣ ልጅ ሳለ የሠራውን እያነሱ። አንድ ሰው ከአርባ ዓመት በላይ ጠፍቶ ቦታው እንዲህ ሳይደፈን ይቆያል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ወጌሻ ተጠርተው የቀረውን ጀሶ አነሱልኝ፤ ክንዴን በቅቤ አሽተው በቀርከሃ ፍልጥ አሰሩልኝ። አክስቴ በሁለተኛው ቀን ትንሽ አጥሚት ቀመሱ፤ የነበረባቸው ትኩሳትም ለቀቃቸው። ሴቶች በዙሪያቸው ስለማይጠፉ ብቻችንን አልሆንንም። ዓይናችን ሲገጥም እሳቸው ቀድመው ያወርዳሉ። እሳቸውን እንደ ክፉ ሰው ማየት አልቻልኩም፤ አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ አባቷ ፊት ቆማ ዝም አለች፣ ያ ዝምታ እድሜ ልክ ሆነባት። አባቴንም መርሳት አልቻልኩም።

ማክሰኞ

ስሰናበት አክስቴ ተቀምጠው ነበር። ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። «ለእናትሽ ሰላም በዪልኝ» አሉኝ፤ ሌላ አላሉም። ደሳለኝ ወንዙን አሻግሮ ሞጣ አደረሰኝ። ወይዘሮ ዘሀራ ለመንገድ ዳቦ ሰጡኝ። ባሕር ዳር ወርጄ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ አጥንቱ ትንሽ ዞሮ መግጠም መጀመሩን ነግሮኝ አስተካክሎ እንደገና ጀሶ አደረገልኝ። «የመጀመሪያውን ምን አገኘው?» ሲለኝ «ዝናብ» አልኩት።

ሐዋሳ

እናቴ ሁሉንም ሰማችኝ። ስለ አንዳርጌ ስደርስ አልደነገጠችም።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ስንጋባ ነግሮኛል። ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እሷው ከተናገረች… አባትሽ ማዶ ቆሞ ሁሉንም ያይ ነበር። ልጅቷ አልለቀቀችውም። ውሃው ሁለቱንም ነው የወሰዳቸው፤ እሷን ድንጋይ አስቀራት። ሲያወጣት የልጁ ሸማ ቁራጭ በእጇ ነበር። ራሷን ስታ ስለነበር አታውቀውም። ጣቷን ፈልቅቆ ያስለቀቃት እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለ?»

«ለባል ታጭታ ነበር፤ ነገሩ እንዳይበላሽባት። ደግሞም ቆዩ ብሎ ትቷቸው የሄደው እሱ ነው። የእኔ ጥፋት ነው ብሎ ነበር የሚያምነው። እሷን ተቀይሟት አያውቅም።»

በዚያው ሰዓት ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። አክስቴ ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነብላቸው ደሳለኝ ነው። ምስጢሩ የእሳቸው ነው፤ እኔ ላወጣው አይገባም። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጣልኩ። በመጨረሻ ስለ ክንዴ፣ ስለ ራጁ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጽፌ መሃሉ ላይ እንዲህ አልኩ፦ «አባቴ ማዶ ቆሞ ሁሉን አይቶ እንደነበር ለእናቴ ነግሯታል። የለቀቀ እጅ የለም፤ የነጠቀው ውሃው ነው ብሏል። ሸማው በእጅ ውስጥ እንደነበረም አልረሳም። በማንም ቂም አልነበረውም፤ እኔም የለኝም።»

መልሱ በጥቅምት መጣ፤ በደሳለኝ እጅ ጽሕፈት።

«እህቴ ሰብለ፣ ደብዳቤሽን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ክንድሽ የጻፍሽውን ሰምታ አዘነች። ስለ አጎቴ የጻፍሽው ላይ ስደርስ ግን ‹ድገመው› አለችኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩላት። ሸማ የሚለውን ለብቻው አስነበበችኝ። ምን ማለት ነው ብላት አልነገረችኝም። በማግስቱ ጠዋት ከቤት አጣኋት። ፈልጌ ሳገኛት ወንዙን በእግሯ ተሻግራ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ውሃው አሁን ቁርጭምጭሚት አይሞላም፤ ግን እናቴ ለሠርግም ለለቅሶም ብላ ያን ወንዝ ስትሻገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ‹ምን ልትሠሪ መጣሽ?› ብላት ‹ልሻገር ነዋ› አለችኝ።»